ሁለቱ ፊኒዎች በአንድ ጣሪያ ሥር

የወንድሜ ሚስት ዴሊያ ስታገባ ስሟን መቀየር አላስፈለጋትም። ፊኒ ሆና ተወለደች፣ ፊኒ አገባች፣ ፊኒ እንደሆነች ቀረች። በእኛ አየርላንድ ሴት ልጅ ስትዳር የአባቷን ስም እንደ ልጅነት ጫማዋ እናቷ ቤት ትታው ትወጣለች። ዴሊያ ግን የራሷን ስም ይዛ ከስላይጎ ባሕር ዳር መጣችና እኛ ሮስኮመን ሐይቅ ዳር ገባች። በዚሁ ምክንያት ዕድሜ ልኳን ሰው በሯን ሲያንኳኳ ኖረ።

ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ፊኒ የሚባለው ዘር ሁለት ነው። የባሕር ዳሮቹ ፊኒዎች የወታደር ዘር ነን ይላሉ፤ ስማቸውም በጥንቱ ቋንቋ ወታደር ማለት ነው አሉ። እኛ የሐይቅ ዳሮቹ ደግሞ የሌላ ሰው ዘር ነን። ያ ሰው ምን ይሠራ እንደነበር የሚያውቅ የለም። እናቴ «የአገር አለቃ ነበር» ትል ነበር። ዴሊያ በበኩሏ «ሥራ ቢኖረው ኖሮ ይሰማ ነበር» ትላለች። እንግሊዞች መጥተው ሰውን ሁሉ በመዝገብ ሲያሰፍሩ ሁለቱን አንድ ቅርጫት ውስጥ ከተቷቸው። ከዚያ ወዲህ የዓሣ በላተኞቹ ስም ከእኛ ስም ጋር አንድ ሆኖ ቀረ። ሰው ምን ያደርጋል!

ማላኪ ዴሊያን ያገኛት ጥጃ ሊሸጥ ስላይጎ ወርዶ ነው። ጥጃው ሳይሸጥ ተመለሰ። ማላኪ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ብዙ ተናገረ የሚባል ሰው። የዚያን ዕለት ግን ጭፈራ አዳራሽ ገብቶ አፉ ተፈትቶ ኖሯል።

«ስምሽ ማነው?» አላት።

«ዴሊያ ፊኒ።»

«የእኔን ማን ጠየቀሽ? ያንቺን ነው እንጂ!»

«ኧረ ባክህ! የእኛ ወገን እንኳ አትሆንም» አለችው ከላይ እስከ ታች አይታ። «የእኛዎቹ ያምራሉ።»

በሁለተኛው ወር ሊያገባት ወሰነ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሥጋ ዘመዳሞችን ያለ ጳጳሱ ፈቃድ አታጋባም ነበር። የደብራችን ቄስ አባ ኪናን የሁለቱን ስም ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፊኒ እና ፊኒ? ይሄ ነገር መጣራት አለበት» አሉ። ማጣራት ማለት በእኛ ዘንድ ከየወገኑ አንድ አንድ ሽማግሌ ጠርቶ ዘር ማስቆጠር ነው። ከእኛ በኩል የአባቴ አጎት ፓትሲ ተመረጠ። ከባሕሩ በኩል የዴሊያ አያት ባርትሊ መጣ፤ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ የደፋ፣ ዱላውን እንደ ጠመንጃ የያዘ ሽማግሌ ነበር። እናቴና እኔ ግድግዳ ተጠግተን ተቀመጥን። ሙሽሮቹ ደጅ አጥር ላይ ተቀምጠው ፖም ይበላሉ።

አባ ኪናን፣ «እስከ አራት ቤት ቁጠሩልኝና እንገላገል፤ ምሳዬ እየቀዘቀዘ ነው» አሉ።

ፓትሲ ጀመረ፤ ማላኪ የፓት፣ ፓት የማርቲን፣ ማርቲን የሉክ፣ ሉክ የጄምስ። ባርትሊ ቀጠለ፤ ዴሊያ የአንድሪው፣ አንድሪው የባርትሊ፣ «እሱ እኔ ነኝ፣ አባ»፣ ባርትሊ የዩጂን፣ ዩጂን የኦወን። የትም አልተገናኙም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ» ብለው አባ ብድግ አሉ።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ሁሉ የማወራው ነገር አልነበረም። ባርትሊ ግን ወደ ፓትሲ ዞር ብሎ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አራት ላይ የቆምከው ደክሞህ ነው ወይስ አልቆብህ?» አለው።

«አልቆብህ?» ፓትሲ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔን? እስከ ኖኅ መርከብ እቆጥርልሃለሁ!»

«መርከቧን የሠራው የእኛ ሰው ነው። እናንተ መቼ ባሕር አይታችሁ ታውቁና!»

በእኛ አገር ሽማግሌ ሞትን አይፈራም፤ በዘር ቆጠራ መበለጥን ግን ይፈራል። አባ «በቃችሁ፣ በቃችሁ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው። አምስተኛ ቤት፣ ስድስተኛ ቤት እያሉ ወጡ። ሰባተኛው ላይ ፓትሲ ደረቱን ነፍቶ «ብራያን!» አለ። ባርትሊም በዚያው ትንፋሽ «ብራያን!» አለ።

እናቴ ከግድግዳው ወደ ፊት ጠጋ አለች።

ብራያን እኮ በእኛ አገር እንደ ድንጋይ ነው፤ የትም ብትቆፍር ይወጣል። አባ ኪናንም ስቀው፣ «ሰባተኛው ቤት የእኔ ጉዳይ አይደለም፣ አጋባቸዋለሁ» አሉና ወደ ምሳቸው ሄዱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ እናቴ ጆሮ ገብቶ ቀረ። እናቴ ደግሞ ነገር አትጥልም፤ እንደ አሮጌ ቁልፍ አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብላ ታስቀምጣለች።

ሠርጉ አማረ። ከሠርጉ በኋላ ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰውዬ ከተራራው ወዲያ በብስክሌት መጥቶ በሩን መታ። ዴሊያ በሊጥ እጇ ከፈተች።

«የስሟን አቻ አግብታ ዘመዱ ያልሆነችው አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ ነኝ መሰለኝ። ምነው?»

«ልጄን ትክትክ ይዞብኛል። ዳቦ ስጪኝ።»

ዴሊያ ግራ ገብቷት እኛን ስታይ እናቴ በክርኗ ጎነጠቻት። ይሄማ የታወቀ ነው፤ የራሷን ስም የያዘ ሰው ያገባች፣ በሥጋ ግን የማትዛመደው ሴት በእጇ የሰጠችው ዳቦ የትክትክ መድኃኒት ነው። አይከፈልበትም፣ ምስጋናም አይነገርበትም፤ ከተመሰገነ ይረክሳል። እንዲህ ያለች ሴት በስንት ዘመን አንዴ ነው የምትገኝ። ዴሊያ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ሰጠችው፤ ሰውዬው ኪሱ ከቶ ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።

«ባለጌ!» አልኩ እኔ።

«ቢያመሰግን ነበር ባለጌ የሚሆነው፣ አንተ ደደብ» አለች እናቴ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ እረፍት አላገኘም። ክትባቱ እስኪዳረስ ድረስ በክረምት በየሳምንቱ፣ ከተዳረሰም በኋላ አልፎ አልፎ፣ እናቶች ሕፃን እያቀፉ ይመጡ ነበር። ዴሊያ አስቀድማ «ሐኪም አሳየሽው?» ብላ ትጠይቃለች። አላሳየሁም ያለች እንደሆነ ዳቦውን ሰጥታ፣ በዚያው ማላኪን መኪና አስነስቶ እንዲያደርሳት ታዛለች። እኔ በዳቦው አምኜ አላውቅም። አንድ ቀን «ልጆቹን የሚያድናቸው ሐኪሙ ነው» ብላት፣ «ታዲያ እኔ ሐኪሙን ከለከልኩ?» አለችኝ። ከእሷ ጋር ስከራከር መሸነፍ ልማዴ ነው።

ደስ የሚል ቤት ነበር። እኔ ሳላገባ ቀረሁ፣ ቤቴ ከነሱ አጥር ማዶ ነው፣ እሑድ እሑድ ምሳዬን እዚያው እበላለሁ። ዴሊያ ዝይ ታረባለች፤ ዝዮቹ ከእኔ በቀር ማንንም አይነክሱም። ዓርብ ዓርብ የዓሣ ሾርባ ትሠራለች። እኔ አፍንጫዬን ስይዝ «ጌታዬ፣ አንተ የአለቃ ልጅ፣ የሐይቅህን ጭቃ ላምጣልህ?» ትለኛለች። የስላይጎና የሮስኮመን የእግር ኳስ ጨዋታ ባለ ቀን ሬዲዮኑን በመሀላችን አስቀምጣ እያንዳንዷን ነጥብ በጩኸት ትቀበላለች። ማላኪ እሳቱ ዳር ተቀምጦ ፒፓውን እየነፋ ለሁለታችንም ይስቃል።

ልጅ ግን አልመጣም።

አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት አለፈ። እናቴ ያስቀመጠችውን ቁልፍ ያኔ አወጣች። ዴሊያ ጓዳ ሆና እየሰማች፣ ለጎረቤት ሴት፣ «ሰባተኛው ላይ ብራያን አለ አይደል? አንድ ደም በራሱ ላይ አይበቅልም» አለች። እናቴን እወዳት ነበር፣ ነፍሷን ይማር። ያን ቀን ግን ምላሷን ላም ቢልሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ዴሊያ ሆድ ይፍጀው አለች። ከዓመታት በኋላ ብቻ፣ ድርቆሽ ስንከምር ማላኪ ውኃ ሊያመጣ በሄደበት፣ መንሹን መሬት ላይ ተክላ ጠየቀችኝ።

«ዶም፣ ያ ብራያን አንድ ሰው ቢሆንስ?»

«ቢሆን ባይሆን ምን ልዩነት አለው? ሰባት ቤት እኮ ነው።»

«ለእኔ አለው። አንድ ደም ከሆንን ልጅ ያጣነው በእኛው ነው ማለት ነው። ማላኪ ሌላ ቢያገባ ኖሮ አባት ይሆን ነበር። ደግሞ ያ ሁሉ ዳቦ... ያ ሁሉ እናት እየመጣ... ውሸት ሰጥቻቸዋለሁ ማለት ነው።»

«ማላኪ ምን ይላል?»

«ለማላኪ አልነገርኩትም። አንተም አትነግረውም» አለችና መንሹን ነቀለች።

እኔ ወሬ መያዝ አልችልም፤ ይቺን ግን ያዝኩ። እናቴ ሞተች፣ ፓትሲና ባርትሊ ሞቱ፣ አባ ኪናንም ሞቱ። ዴሊያና ማላኪ አረጁ፤ በደንብ አረጁ፣ ሳይኳረፉ። በሩ ሲንኳኳ ግን፣ ዳቦውን ስትቆርጥ ፊቷ ላይ የምታልፈውን ደመና የማያት እኔ ብቻ ነበርኩ። ታሳዝነኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የወንድሟ ልጅ ፈርጋል ከስላይጎ መጣ። ፈርጋል ጡረታ ወጥቶ የዘር ምርምር የጀመረ ሰው ነው፤ ስንቱ ጡረተኛ ጎልፍ ሲጫወት እሱ ሙታን ይቆጥራል። ከሻንጣው ትናንሽ ብልቃጦች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ።

«አክስቴ፣ እዚህ ውስጥ እንትፍ ካላችሁ ደማችሁ ከየት እንደመጣ፣ ማን ከማን እንደሚዛመድ ቁልጭ ብሎ ይታወቃል። የሁለቱ ፊኒዎች ነገር መቋጫ ያገኛል።»

ዴሊያ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። ማላኪ ፒፓውን ከአፉ አውጥቶ፣ «እኔ ምራቄን ለማላውቀው ሰው አልልክም» አለ።

«ዶም ይበቃል» አለች ዴሊያ። «የአንድ አባት ልጆች አይደላችሁ? ዶም፣ ትተፋልኛለህ?»

አየኋት። «እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ሳልሞት ልወቀው።»

«ምኑን?» አለ ማላኪ።

ያኔ ነገረችው። ያን ሁሉ ዘመን ያፈነችውን፣ የእናቴን ቃል፣ ብራያንን፣ ልጅ ማጣታቸውን፣ ዳቦውን፣ ሁሉንም፣ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች። ፈርጋል የሚገባበት ጠፍቶት ብልቃጦቹን ይቆጥራል። ማላኪ ሰምቶ ሲያበቃ ተነስቶ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበለ።

«ይሄን ስትሸከሚ ኖረሽ ነው? አንድ ደም ብንሆንም ባንሆንም እኔ ሌላ ሴት አላገባም ነበር» አላት። «በይ ትፊ፣ አንቺም ትፊ።»

ዴሊያም እኔም ተፋን። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ክርክር የተስማማንበት ሥራ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ዴሊያ እንቅልፍ አልነበራትም፤ እኔ ደግሞ እንዲያው ለጨዋታው ነበር የተፋሁት፣ የአለቃ ልጅ መሆኔን አውቀዋለሁና።

ፈርጋል አንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ተመለሰ። ኮቱን ሳያወልቅ፣ «አክስቴ፣ አትዛመዱም» አለ።

«እስከ ስንት ቤት?»

«ምንም። አንድ ጠብታ አትጋሩም።»

«ከብራያን በፊትስ?»

«ከብራያንም በፊት፣ ከቅዱስ ፓትሪክም በፊት። ከባልሽና ከቤታችን ድመት ማን ይቀርብሻል ብትዪኝ አስቤ ነው የምመልስልሽ።»

ዴሊያ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሽርጧን ፊቷ ላይ ጥላ አለቀሰች። ማላኪ አጠገቧ ተቀምጦ ጀርባዋን ያሻታል። እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ ከጭሱ ነው ብል ማንም አያምነኝም፣ ምድጃውን ካወጡት ቆይተዋል። እንዲህ ያለ ደስታ በዚያ ቤት አላየሁም ነበር።

ፈርጋል ግን ኮቱን አሁንም አላወለቀም።

«ሌላ ነገር አለ» አለ ወደ እኔ ሳያይ። «ሌሎች የሐይቅ ዳር ፊኒዎችም ተመርምረዋል። እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። ጋሽ ዶሚኒክ ግን... ከእነሱም ጋር አይገጥሙም።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምገጥመው?»

«ጎርምሊ ከሚባሉ፣ ከወደ ሰሜን ካሉ ሰዎች ጋር።»

«ጎርምሊ?» አልኩ። «እኔ? ማሽኑ ተሳስቷል! ፓትሲ እኮ እስከ ኖኅ ነው የቆጠረው!»

ዴሊያ ፊቷን ከሽርጡ ውስጥ አወጣች። ዓይኗ እንባ፣ አፏ ሳቅ። «የአለቃው ልጅ!» አለችኝ።

በማግስቱ በንዴት ጨሼ የኬት ሮዲ ሱቅ ሄድኩ። ኬት የመንደሩ ባልቴት ናት፤ ዘጠና አልፏታል፣ ጥርስ የላትም፣ የማታውቀው ነገር ግን የለም። እንድትስቅልኝና ውሸት ነው እንድትለኝ ነበር የነገርኳት።

«ጎርምሊ፣ አዎ» አለች ድንቿን እየመዘነች። «አታውቁም ነበር እንዴ?»

«ምኑን?»

«አያቴ ትነግረን ነበር። በረሃቡ ዘመን ነው። ጄምስ ፊኒና ሚስቱ ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ቀን በሐይቁ መንገድ ሲሄዱ የጎርምሊዎችን ልጅ፣ ትንሹን ሉክን፣ ከሞቱት ወላጆቹ አጠገብ ተቀምጦ አገኙት። ወሰዱት፣ ያላቸውን አካፍለው አሳደጉት፣ ስማቸውን ሰጡት። እናንተ ሁላችሁ የሉክ ናችሁ።»

«ደብሩ ሁሉ ያውቃል?»

«ጎልማሳው ያውቃል።»

«ለምን አልነገራችሁንም?»

«ኧረ ዶሚኒክ! እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ይነገራል? ነውር አይደለም እንዴ?» አለችኝ፣ ተቀይማ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ይሄ ሁሉ ሕዝብ እናቴ ስለ አለቃው ስታወራ በጨዋነት አንገቱን ሲነቀንቅላት ኖሯል! ቤት ተመልሼ፣ እየተራገምኩ፣ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ማላኪ ፒፓውን እየነፋ ሰማ። ዴሊያ ግን ስትሰማ ፈገግታዋ ቆመ።

«ልጅ አልነበራቸውም?» አለች።

«አልነበራቸውም አለች።»

«መንገድ ላይ ላገኙት ልጅ ነው ስማቸውን የሰጡት?»

«አዎ። በዚያ ረሃብ ላይ፣ ለራሳቸው እንኳ የሚበሉት ሳይኖር።»

«እሰይ» አለች ዴሊያ። «እሰይ የእኔ እመቤት።» ማንን እንደምታወድስ ገባኝ፤ የጄምስን ሚስት ነው። ስሟን እንኳ የቆጠረላት የለም፣ ፓትሲም ሴት አይቆጥርም ነበር። ያን ዕለት እራት ላይ ዴሊያ ለእሷ ጸሎት አደረሰች፤ እኔም ቅያሜዬን ትቼ አሜን አልኩ። እሷ ባትኖር እኔም የለሁማ።

በጸደዩ ማላኪ የመቃብር ድንጋያቸውን ሊያሠራ ተነሳ። በእኛ ዘንድ አስተዋይ ሰው በሕይወት እያለ ነው ድንጋዩን የሚያዘው፤ ዘመድ ርካሽ እንዳይመርጥበት። እኔ መኪናውን ነዳሁ፣ ዴሊያ ጉልበቷን ስላመማት መኪናው ውስጥ ቀረች። ድንጋይ ቀራጩ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ «እንደተለመደው ነው አይደል? ማላኪ ፊኒ፣ ከሥሩ ደግሞ ባለቤቱ ዴሊያ» አለ።

«አይደለም» አለ ማላኪ። «ዴሊያ ፊኒ በል፣ በትልቁ። ከሥሩ፣ ባሏ ማላኪ።»

ቀራጩ እኔን አየኝ። «አባባ፣ ሠላሳ ዓመት ስቀርጽ ሴት ከላይ ጽፌ አላውቅም። ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እንደሆነ ድሮም ያውቀዋል» አለ ማላኪ። «ስሙ የእሷ ነው። እኔ በጋብቻ የመጣሁ ፊኒ ነኝ።»

የመኪናው መስኮት ዝቅ ብሎ ነበር፤ ዴሊያ ሰምታለች። ማላኪ ተመልሶ ኋላ ወንበር አጠገቧ ሲገባ እጁን ያዘች፤ ወደ ቤት እስክንደርስ ድረስ አልለቀቀችም። እኔም የሬዲዮኑን ድምፅ ቀንሼ ቀስ ብዬ ነዳሁላቸው።